መልሱን እንጂ ጥያቄውን ያልሰማች

ይድረስ ከእኔ ኋላ ተወልደሽ ከእኔ ቀድመሽ ፊደል ለቆጠርሽው ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? እንደምን ባጀሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ አሁንም ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል? ደም ግፊትሽ ወረደልሽ ወይስ ሰው ዞር ሲል ጨው መነስነስሽን አልተውሽም? ባለቤትሽስ ጆሮው ተሻለው? ባይሻለውም አትዘኚ፤ ካንቺ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ለኖረ ሰው ጥቂት መደንቆር ዕረፍት ነው። ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ትንሹ ሥራ ገባ ወይስ አሁንም ትራስ እየጠበቀ ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ወገቤ ሲፈልግ ይታዘዘኛል፣ ሳይፈልግ ያምፅብኛል፤ ዓይኔ ግን መነጽር ከተገዛለት ወዲህ የጎረቤት ነውር ሳይቀር ያያል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት በዚህ ዕድሜ አያምርም። ብዙ ነገር ጎድሎብኛል፤ ናፍቆትሽም አንዱ ነው።

ፊደሌን አይተሽ ግራ እንደምትጋቢ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። እስከ ዛሬ የደረሱሽን ሁሉ ልጄ ናት የጻፈችልሽ፤ እኔ ስናገር እሷ እያበጠረች፣ ምሬቱን ገለባ ነው ብላ እየጣለች። ለዚህ ነው በወረቀት ላይ ደግ ሴት የመሰልኩሽ። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ፊደል ስቆጥር የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ለእህቴ ያለ አስተርጓሚ እጽፍላታለሁ እያልኩ። ከዚያም ስንት ዓመት ፈራሁ። ይኸው አሁን ከነገለባው ተቀበይኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ፣ ያቺ አንድ ቦታ አታርፍም ብለን ንቢት የምንላት፣ በሚመጣው ወር ጳጳሱ ወደ ቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ምስጢረ ሜሮን ትቀበላለች። መቼም አሥራ አምስት ዓመት ሞላት ብልሽ አታምኚኝም። እንደምታውቂው በእኛ በካቶሊኮች ዘንድ ሜሮን የሚቀቡት ካደጉ በኋላ ነው፤ የሚቀባ ልጅ ደግሞ ከጎኑ ቆሞ እጁን በትከሻው ላይ የሚያኖርለት፣ በእምነት የሚቀድመው አንድ ሰው ይመርጣል። ሌሎቹ ልጆች አክስታቸውን ወይም አስተማሪያቸውን መረጡ። የእኔዋ ግን አንድ ቀን ገና ከደረጃው ሥር ጀምራ «አያቴ፣ አንቺን መርጫለሁ! ስምሽን ሰጥቼ መጣሁ!» እያለች ጮኸች። ታች ያለው ልብስ ሰፊ ሳይቀር ሰምቶ «እንኳን ደስ ያለዎት እማማ» ብሎ በመስኮት ተጣራ። እኔ ግን በእጄ የያዝኩት ካውያ ለቤተ ክርስቲያን የምተኩሰውን የመሠዊያ ጨርቅ ሊያሳርርብኝ ምንም አልቀረው። ለሌላው ሜሮን የሚቆም ሰው፣ እህቴ፣ እሱ ራሱ የተቀባ መሆን አለበት። እኔ ደግሞ አልተቀባሁም።

አዎ፣ አልተቀባሁም። አንቺም ዛሬ ነው የምትሰሚው። ስዳር ያጋቡኝ ቄስ ለመንገድ የቸኮሉ ሰው ነበሩ፤ የጠየቁኝ ባልሽን ትወጂዋለሽ ወይ ብለው ብቻ ነው፤ እሱንም መልሱን ሳይጠብቁ ነው። ከዚያ በኋላ እናንተ ሁላችሁ አንድ ቀን የሆነ ቦታ ተቀብታ ይሆናል ብላችሁ አሰባችሁ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ካልጠየቁኝ አልተናገርኩም። ከኋላው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ሲቀባ እያየሁ አረጀሁ።

ለምን እንዳልተቀባሁ ግን ታውቂያለሽ። ያን ቀን በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ለሳቅ ስታወሪው ኖረሻል። እስኪ ዛሬ ደግሞ በእኔ አፍ ስሚው።

ሁለታችንን ደናግሉ ሲስተሮች ዘንድ ሲያደርሰን አባታችን «አንዷ ትማር፣ አንዷ ትሥራ፤ ሁለቱንም ለማስተማር አቅም የለኝም» አለ። አንቺ ታናሽ ነሽና ክፍል ገባሽ፤ እኔ ክንደ ብርቱ ነኝና ልብስ ማጠቢያው ቤት ገባሁ። ማጠቢያው ከመማሪያ ክፍላችሁ ጀርባ ነበር፤ በመካከላችን አንዲት ከፍ ያለች መስኮት ብቻ ነበረች። ያኔ ትምህርተ ክርስቶስ ማለት በቃል መያዝ ነው። ሲስተሯ ጥያቄውን ታነባለች፣ እናንተ መልሱን በአንድ ድምፅ ትጮኻላችሁ። የሲስተሯ ድምፅ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነበር፤ ከመስኮቱ አይወጣም። እናንተ ግን ጣሪያውን ልታነሱት ትደርሳላችሁ። ስለዚህ እኔ እጄን እስከ ክርኔ ሳሙና ውስጥ ነክሬ የምሰማው መልሱን ብቻ ነበር። አንሶላ ሳሽ መልስ፣ ሳለቀልቅ መልስ፣ ሳሰጣ መልስ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ውኃ ጠጣሁት። ጥያቄ እንዳለውም አላወቅሁም፤ አንድ ረጅም ጸሎት መስሎኝ ነበር።

ያኔም ጳጳስ ሊመጡ ነበርና ቄሱ እናንተን ሊፈትኑ መጡ። የሲስተሮቹ ወጥ ሠሪ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳነበንብ ሰምታኝ ኖሮ ክንዴን ይዛ ጎትታ «ይቺም ታውቃለች አባ፣ ትፈተንልኝ» ብላ አስገባችኝ። ሽርጤ እርጥብ ነበር፤ ከሥሬ ውኃ ይንጠባጠባል። ቄሱ «ማን ፈጠረሽ?» አሉኝ። የመጀመሪያውን መልስ አልኩ፤ «ሰማይንና ምድርን የፈጠረ እግዚአብሔር ፈጠረኝ።» ልክ ሆነ። ልቤ በደስታ ልትዘል ደረሰች። ቀጥለው ቄሱ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ከመካከል ላይ «ሰይጣን ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በእኔ ጭንቅላት ግን ተራው የሁለተኛው መልስ ነበር። ደረቴን ነፍቼ «የሁላችን አባት ነው፤ ሁሉን ይችላል፣ ሁሉን ያያል፣ በሁሉም ስፍራ አለ!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ብቻ አልሳቁም፤ አማተቡና «ይቺን ወደ ሳሙናዋ መልሱልኝ» አሉ። ከፊት ወንበር ላይ ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ እጅሽን አፍሽ ላይ ጭነሽ፣ ትከሻሽ እየተንቀጠቀጠ ስትስቂ አየሁሽ። ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ ትንሽ ልጅ ይስቃል። ነገር ግን ያን ቀሚስ ያጠብኩትም የተኮስኩትም እኔ ነበርኩ።

ያም ሆኖ የዚያን ዘመን ጸሎት አላጣጥልም። ቄሱ ጀርባቸውን ሰጥተውን በላቲን ያነበንባሉ፤ አንዳች አይገባንም። ግን ደወሏ ስትንቃጨል ሁላችን፣ ሀብታሙም ድኻውም፣ ነፋስ እንደ መታው አዝመራ በአንድ ጊዜ ጎንበስ እንል ነበር። አለመግባቱ ራሱ ያስፈራል፣ ማስፈራቱም ደስ ይላል። ከዓመታት በኋላ ሥርዓቱ ተለወጠና መሠዊያው ወደ ሕዝቡ ዞረ፣ ቅዳሴው በቋንቋችን ሆነ፣ ቄሱም ፊታቸው ታየ። አጠገቤ ያሉት አሮጊት ደንግጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ «ልጄ፣ የማይታይ ነገር ያየሁ መሰለኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቄሱ ጢማቸውን በቅጡ አለመላጨታቸውን አየሁና ፍርሃቴ ተነነ።

ልጄ የተማረችው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በእሷ ዘመን ማነብነብ ቀረ፣ ሥዕል መቀባባት መጣ። ከትምህርት ስትመለስ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስላት «እግዚአብሔር ይወደናል» ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ስጠይቃትም «እግዚአብሔር ይወደናል።» «ሌላስ?» «በጉን ቢጫ ቀባሁት።» እኔ መልስ እንጂ ጥያቄ የለኝ፣ እሷ በግ እንጂ መልስ የላት። አደገችና ተወችው። አሁን መድኃኒት ቤት ቆማ ውላ እሑድ እግሬ አብጧል ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ እውነትም ያብጣል። ቢጫ በግ ብቻ ይዞ ይህን ዓለም መቻል ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ወደ ንቢት ልመለስ። ወገቤን አሳብቤ እምቢ ልል ቆርጬ ነበር። ግን አስቀድሜ የሚማሩትን አይቼ፣ ነቅፌ፣ ከዚያ እምቢ ማለት ፈለግሁ። ሳይነቅፉ እምቢ ማለት ምን ጣዕም አለው? ቅዳሜ ከሰዓት ዱላዬን ይዤ ተከተልኳት።

የሚማሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ነው። ጥግ ላይ ቧንቧው ስለሚያፈስ ባልዲ ተቀምጦለታል። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ እንደ ድሮው በረድፍ ሳይሆን ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፤ ማን አስተማሪ ማን ተማሪ እንደሆነ አይለይም። የምታስተምራቸው አንዲት ነርስ ናት። ከሆስፒታል ተረኛ ውላ ቀጥታ ትመጣለች፤ እንደ ተቀመጠች ጫማዋን አውልቃ አንዱን እግሯን በሌላው ታሻለች። በልቤ «ሲስተሯ ብታይሽ!» አልኩ። ሽቦ የሚሉት አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ጊታር ታቅፎ ተቀምጧል። በልቤ «ሲስተሯ ብታይህ ደግሞ ሁለተኛ ትሞታለች» አልኩ።

ከዚያ ያየሁትን ልንገርሽ። በአዳራሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል። ልጆቹ ጥያቄያቸውን በወረቀት ይጽፉና በልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ይሰቅሉታል። ጥያቄውን የሚያወርደው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ በቃኝ፣ ገባኝ ሲል። ዕድሜዬን የሰው ልብስ ሳሰጣ ኖሬ የሰው ጥያቄ ሲሰጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀና ብዬ አነበብኳቸው፤ ማንበቤም ለዚህ ጠቀመኝ። አንዱ «ጸሎት ከሰማ ታናሽ ወንድሜ ለምን ሞተ?» ይላል። አንዱ «ይቅር በለው የተባልኩት ሰው ይቅርታ ካልጠየቀኝስ?» ይላል። ነርሷ እያንዳንዱን ታነሳለች፣ ወንጌል ትገልጣለች፣ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ያየችውን ትነግራቸዋለች፤ ሳታውቅ ደግሞ «ይሄን አላውቅም፣ አብረን እንቆይበት» ትላለች። አስተማሪ አላውቅም ስትል በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም።

አላስችል ብሎኝ «ወይ ዘንድሮ! ለዚህ ሁሉ መልስ አለው እኮ! እኛ ሁሉንም በቃላችን ነበር የምንለው» አልኩ። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ «እማማ፣ እባክዎ ይበሉልን» አለችኝ። ቆምኩና ጀመርኩ። አንዱን መልስ ስጨርስ ሌላው ይመጣል፤ እጄ ሳይቀር ሳሙና ያለበት መስሎኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። ሽቦ «ይሄ ሁሉ ያለ ስልክ ነው?» አለ። ንቢት በኩራት ተነፋች፤ «አያቴ ናት!» ትላለች፣ እንዳልታወቀ። ከዚያ አንዷ ማስቲካ የምታላምጥ ልጅ «እማማ፣ ይሄ የመጨረሻው ያሉት የምን ጥያቄ መልስ ነው?» አለችኝ።

እህቴ፣ ያ እርጥብ ሽርጥ እንደገና እግሬ ላይ የተንጠባጠበ መሰለኝ። ሊስቁ ነው ብዬ ዱላዬን ያዝኩ። «አላውቀውም» አልኩ፤ «መልሱን እንጂ ጥያቄውን አልሰማሁም፤ ማጠቢያ ቤት ነበርኩ።» ማንም አልሳቀም። ነርሷ ባዶ እግሯን ተነሥታ ወረቀት አመጣችና «ታዲያ ጥያቄውን እኛ እንፈልግላቸዋ!» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየቅዳሜው የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እኔ አንድ መልስ እላለሁ፤ እነሱ ይጽፉታል፣ ገመዱ ላይ ይሰቅሉታል፣ ከዚያ ጥያቄውን ከራሳቸው ሕይወት ይፈልጉለታል። የሚገርምሽ እነዚያ እንደ ድንጋይ የዋጥኳቸው ቃላት በልጆቹ አፍ ሲገቡ ይለሰልሳሉ። «ፊት ለፊት ልናየው፣ ከእርሱም ጋር ለዘላለም ልንኖር ነው» የሚለውን ሰጠኋቸው። ማስቲካዋ ልጅ ብዙ አሰበችና «ሰው ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ለምንድን ነው የሚከፋው?» ብላ ጻፈችለት። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ የሚል ጥያቄ እንደማይኖር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ መልሱ ደግሞ እንደ ቁልፍ ገጠመለት።

አንድ ቅዳሜ ያቺኛዋን መልስ ሰጠኋቸው። የትኛዋን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ልስጥ አልስጥ ብዬ ስንት ሳምንት አመነታሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ነው። በመጨረሻ አቀርቅሬ «የሁላችን አባት ነው፤ ሁሉን ይችላል፣ ሁሉን ያያል፣ በሁሉም ስፍራ አለ» አልኩ። ሽቦ ጊታሩን መሬት አስቀመጠ። ይህ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ቀልደኛው እሱ ነው፤ ሁሉን በቀልድ ነው የሚያልፈው። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቶሎ ጻፈና ራሱ ሰቀለው። መነጽሬን አስተካክዬ አነበብኩት። «አባቴ ጥሎን ሲሄድ ከእኛ ጋር ማን ቀረ?» ይላል።

ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔም አልገደደም። ያን ሁሉ ዘመን ያፈርኩባት መልስ ለካ የሚፈልጋት ሰው ነበረ፤ ብቻ ገና አልተወለደም። ነርሷ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። እኔ ሰው እያመሰገንኩ ያደግኩ ሴት አይደለሁም፤ ታውቂኛለሽ። ያቺን ልጅ ግን ፊቷን አይቼ «የወለደችሽ ማህፀን ይባረክ» አልኳት። ከዚያ ብዙ አመሰገነችኝ እንዳትል ብዬ «ጫማሽን ግን አድርጊ፣ ወለሉ ይበርዳል» አልኩ።

ላቲኑንም ወሰዱብኝ እኮ! እኔ ስዘምር ልጄ በሰማች ቁጥር «እማዬ፣ የማይገባሽን» እያለች የምታሽሟጥጠውን ዜማ፣ እነዚህ ልጆች «ያስተምሩን» ብለው ለመኑኝ። ሆቴል ልብስ ስተኩስ በኖርኩበት ዘመን፣ በሰው ሸሚዝ ላይ «ሚዜሬሬ ኖቢስ» እያልኩ ስዘምር አለቃችን የዘፈን ስንኝ ይመስለው ነበር። ነርሷ ትርጉሙ «ማረን» ማለት ነው አለችኝ። የስንቱን እንግዳ ሸሚዝ ሳላውቀው ምሕረት ስለምንለት ኖሬያለሁ! አሁን እሑድ እሑድ እነሱ ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሽቦ ጊታሩን ትቶ በባዶ ድምፁ ሲመራቸው ብትሰሚ፣ ያ የድሮው ነፋስ አዝመራውን እንደገና ሲያጎነብሰው ታያለሽ። ልዩነቱ እነዚህ የሚሉትን ያውቃሉ። ልጄ እንኳ ባለፈው እሑድ እግሬ አብጧል ሳትል መጥታ ከኋላ ቆመች። እኔ አላየሁሽም ብያታለሁ፣ እንዳትሸሽብኝ።

ለንቢት የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳትና «እኔ ላንቺ መቆም አልችልም፤ አልተቀባሁም» አልኳት፣ ምክንያቱንም ነገርኳት። ትቀየመኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ታዲያ ምን ችግር አለ? አብረን እንቀባለና!» አለች። «ሰው ይስቃል» አልኳት። «በዚህ የሚስቅ ሰው ካለ አያቴ፣ አድራሻውን ስጪኝና ሽቦን ልላክለት» አለች። ነገሩ በማግስቱ የቁምስናችን አለቃ ከሆነው ቆሞስ ዘንድ ደረሰ። ቆሞሱ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። እቤት ድረስ መጥቶ፣ ካውያዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «እማማ፣ የዘገየነው እኛ ነን፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አለኝ። እኔም «ሁለት ሺህ ዓመት ለኖረ ቤት የእኔ ዕድሜ ምን አላት አባ፣ ቶሎ ነው የመጣችሁት» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እንዲህ ወሰነ፤ ከሁሉ በፊት እኔ ልቀባ፣ ቀጥዬ ዞሬ ለንቢት ልቁምላት።

እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ መንገድም ወደዚያ ነው። ለእኔ የሚቆምልኝ ማን ነው? ነርሷ እኔ አለሁ አለች። የልብስ ሰፊው ሚስት እኔ አለሁ አለች። ልጄም ቀስ ብላ፣ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ «እኔስ?» አለች፤ ለዚህ ቃሏ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። ሁሉንም አመስግኜ እምቢ አልኩ። የምፈልገው አንቺን ነው።

ቄሱም፣ ሲስተሯም፣ ወጥ ሠሪዋም አርፈዋል። ከዚያ ክፍል የማውቀው ሰው ካንቺ በቀር የቀረልኝ የለም። ያኔ የሳቀችውን ልጅ ልቀጣት አይደለም የምጠራሽ፤ ይህን ጊዜ ሁሉ ቀጥቻታለሁ፣ በደብዳቤም በዝምታም፣ ሳታውቂው። ይቅርታ ጠይቂኝም አልልሽም። መጠየቅ ካማረሽ አውቶቡሱ ውስጥ ጨርሺውና ውረጂ። እኔ የምፈልገው እጅሽን ብቻ ነው። ጳጳሱ ግንባሬን ሲቀቡኝ ቀኝ እጅሽ ትከሻዬ ላይ እንዲያርፍ እፈልጋለሁ፤ ክብደቱን ልወቀው።

ጉልበትሽ እምቢ ካለ ነርሷ በስምሽ ትቆምልኛለች፤ ይቻላል ብሎኛል ቆሞሱ። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ የአውቶቡስ ወንበር ወገብ እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። ደረጃችን ጠባብ ነው፤ የሚደግፍሽ ግን ሞልቷል። ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ እናድራለን፤ እንደ ልጅነትሽ ከተራገጥሽ መሬት አወርድሻለሁ። ባትመጪም እቀባለሁ፣ ይህን እወቂ፤ ከእንግዲህ ወዲህ የምጠብቀው ሰው የለኝም። ብትመጪ ግን ደስ ይለኛል። ይህን ቃል እንኳን ጽፌልሽ፣ ነግሬሽም አላውቅም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ጮክ ብለሽ ንገሪልኝ፤ ላንድ ሳምንት ለብቻው ቢያድር አይሞትም። ለታላቂቱ ልጅሽ፣ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ እጅጌው ብቻ ረዘመ በያት። ለትንሹ፣ ትራሱን ለቆ ሻንጣሽን ቢሸከምልሽ እንደ ሥራ እቆጥርለታለሁ። ለምራትሽ፣ በሰላም ያገላግላት፤ ስትወልድ ሰው ሳትልኪ እንዳትቀሪ። ለጎረቤትሽ ለባልቴቷም፣ አሁንም አፍሽ አላረፈም ወይ ብላ ጠየቀችሽ በያት። ልጄ እጅ ትነሣለች። ንቢት ደግሞ ከትከሻዬ በላይ እያነበበች «ትንሿ አያቴ እንዳትቀሪ!» ብለሽ ጻፊ ትለኛለች፤ ጽፌላታለሁ።

ታላቅ እህትሽ

ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ካለችው ክፍል
ግንቦት ፲፬ ቀን